የግራ አውራ ጣት

ሆላንዳዊው መሐንዲስ ውሉ ሲያበቃለት፣
ፍሪጁን ለሹፌሩ፣ ምንጣፉን ለጎረቤት፣
ለእኔና ለኸይረዲን ደረሰን ብስክሌት።
ሠላሳ አምስት ሪያል፤ ሃያውን እኔ ሰጠሁ፣
ቀሪውን ኸይረዲን ከወተት ቆርቆሮው ሲቆጥር አየሁ።
ለተራራ የተሠራ፣ ጎማው እንደ ክንድ የወፈረ፣
ከፊት ሦስት ማርሽ፣ ከኋላ ዘጠኝ የደረደረ።
«ሃያ ሰባት!» አለ፣ «መስከት ምን ዳገት አላት?»

ሃያ ሰባት ማርሽ፤ እግር ግን ያው ሁለት።

ሩዊ፣ ከጉልዛር ጋራዥ፣ ጎማ ከምነፋበት ግድግዳ ላይ
በጠመኔ ጫርኩ፣ የትኛውን እንደምነካ ላይ።
ለነካሁት ሁሉ አንድ ጭረት፣ አንድ ወር ሙሉ።
ስድስቱ ሠርተው ተገኙ፤
ሃያ አንዱ ለካ እንደ ሠርግ አጃቢ ሲበሉ ነው የዋሉ።

ያ የፊት መቀየሪያ ደግሞ
የዋዲውን አሸዋ ቅሞ፣
የባሕሩን ጨው ልሶ፣
ያዘብኝ ጥርስ ነክሶ።
ወደ ላይ ስለው ይንገጫገጫል፤ ወደ ታች ስለው ካቴናው
ሾልኮ ፍሬሙን ይፍቃል፤ ቁርጭምጭሚቴን ቅባት አለበሰው።

«ይነቀል» አልኩ። ኸይረዲን ግን «ትልቋን ጣላት፤
ትንሿን እንዳትነካት፣
ለክፉ ቀን ናት።»
ሃያ ሁለት ጥርስ፤ በጠመኔው መዝገብ አንድም ጭረት የሌላት፣
እሱ ግን እንደ ወተት ቆርቆሮው የሚሳሳላት።

መጋቢት ላይ ካፊሉ ወረቀቱን አላድስም አለ።
ምሕረት ሲታወጅ ኸይረዲን ተሰለፈ፣ አሻራ ሰጠ፣ ሄደ።
ክፉው ቀን ሲመጣ ያች ትንሽ ማርሽ ምን ፈየደች?
«ድርሻዬ» አለ በር ላይ፣ «አንተው ዘንድ ትቆይ፤ እየተነዳች።»

ሐሙስ ማታ፣ ጋራዡ ሲዘጋ፣
ብሩጎላ አምስት ቁጥር፣ ፒንሳ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ናፍታ በጠርሙስ።
አራቱን ብሎን ፈታሁ።
ትልቋ ወለሉ ላይ ዞረች፣ ዞረች፣
እንደ ሳንቲም ተኛች።
ትንሿን በመዳፌ ተቀበልኳት።
መቀየሪያውን፣ ሽቦውን፣ ከመሪው በስተግራ
በአውራ ጣት የምትገፋዋን ዘንግ ጭምር ነቀልኩ።
በቦታቸው አንዲት ብቻ፤
በሁለት ሳምንት ትርፍ ሰዓት ከጉልዛር የገዛኋት፣
ሠላሳ ሁለት ጥርስ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣
ካቴናውን ከነከሰች ወዲያ የማትለቅ፤ ጠባቂ አትሻም።

ካቴናው ረዘመ፤ አራት ዘለላ ቀነስኩ።
«ካቴና ቆረጥኩ» ብዬ ለኸይረዲን ድምፅ ላክሁ።
«ማንን አስፈታህ?» አለኝ።
ሳቅኩ። ሌሊቱን ግን መልሼ ሰማሁት።

ዓርብ፣ ከአዛን በፊት፣ በዋዲ ከቢር ወደ ቃንታብ።
አስፋልቱ የትናንትን ሙቀት ገና አልጨረሰም፤
የሚንገጫገጭ የለም፤ የሚያማርጥ የለም።
እስከ ሁለተኛው ኩርባ ዳገቱ ተገዛልኝ፤
ሦስተኛው ላይ ነው መንገዱ እንደ ግድግዳ የቆመብኝ።
ያን ጊዜ የግራ አውራ ጣቴ፣ ሳላዘው፣
ወጣና ገፋ። ባዶ።
ደገመ። ባዶ።
ጥርሱ የተነቀለ ሰው ምላሱ ወደ ክፍተቱ እንደሚሄድበት፣
ትንሿን ፍለጋ ላስቲኩን ሲዳብስ፣ ሲዳብስ፣ እስኪልበው ላበት።

ወረድኩ። አርባ ሁለት እርምጃ እየገፋሁ ሄድኩ።
ፍየል የጫነ ፒክአፕ አልፎኝ ሽማግሌው እጁን አወጣ፤
ሰላምታ ይሁን ሐዘኔታ?
ከአናቱ ላይ ስደርስ ባሕሩ ገና እርሳስ ነበር።

እሑድ ጻፍኩለት፤ «አሥራ አምስቱን ሪያል ልላክልህ?»
«ተው» አለ። «ትንሿን ላካት።»
ምን ልታደርጋት? አላልኩም።
በዓሣ ቤቱ ሚዛን መዘንኳት፤ የአንድ ሎሚ ያህል ናት።
ረቡዕ የሚበር ሰው ተገኘ፤ ሻንጣው እስከ ዚፑ ሞልቶ።
በካልሲ ጠቀለልኳት፣ ለመንኩት፣ ጫማው ውስጥ ወሸቃት።

ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌት ይኑረው አይኑረው አላውቅም።
እኔ እዚህ፣ በየዳገቱ፣
ጣቴ አሁንም አልሰማም።