ዜሮ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ፣
ጣሪያው በጅማ ዝናብ ሲቀጠቀጥ፣
የነጂሃ መመረቂያ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ደረቀ፤
አይሄድ፣ አይመለስ፣ አይዘጋ፣ ፍጥጥ።
«ሴቭ አላደረግኩትም» አለች።
ሌላ አልጨመረች።

ከርነል አከራይ ነው፤ የሁሉን በር ቁልፍ ታጥቋል፤
ተከራዩ ሁሉ ግን «ግቢው የእኔ ብቻ» ይላል።
አድራሻዋን ይዤ አንኳኳሁ፤
በሩ የራሴ ሆኖ የራሴን ጓዝ አየሁ።
ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቤቱ ሌላ፤
የእሷን ካርታ ተዋስኩ ኋላ።

ገጽ በገጽ አነበብኩ፦ ምዕራፍ ሦስት፣ ሠንጠረዡ፣
የአዌቱ ውሃ ናሙና ከነግርጌ ማስታወሻው፤
ከዚያ፣ ከፍርስራሹ መሀል፣ አንድ መስመር፦
«ለወንድሜ ለሻፊ፣ እኔ እንድማር ደብተሩን ለዘጋው።»

ሰርዛዋለች፤ አልጠፋም ነበር፤
ማሽን ቦታውን ይለቃል እንጂ ቃሉን አያባርር።

መጻፍም እችል ነበር።
ምስጋናው ገጽ ላይ ልመልሰው አልኩ፤
አንድ ጣት ነው የቀረኝ።
ከጎኔ ናት፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ አልጠየቅኳትም።
በመስመሩ ላይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ጻፍኩ፣
ሌላ እጅ እንዳያገኘው።
የቀረውን መለስኩላት።

ጠዋት ወደ ሂርማታ በባጃጅ ስወርድ
ነጂው ሻፊ ነበር።
«ጽሑፏ ተረፈ አሉ» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።
«ተርፏል።»
«ሁሉም?»
ከፊታችን አህያ ቆማ ነበር፤ ክላክስ አደረገ፣ ጠበቀ።
«ሁሉም» አልኩት።
አሥር ብር መለሰልኝ፣ ጭቃ የነካው።