ሚዛኑ የቆመበት ዲግሪ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲሰለች፣
ታክሲው «ወራጅ» ሳይባል ራሱ የሚቆምበት፣
ቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ኋላ ማቅለጫ፣
ከማቅለጫው ጥግ እኔ፣ ከኔ ፊት ኮምፒውተር፣
ከኮምፒውተሩ ሆድ አልገጥም ያለ ስሌት።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ይላል አገሩ።
እሺ።
ከቀዘቀዘ በኋላስ? ለዚያ ተረት አልተረፈም።
የኔ ደሞዝ የሚቆጠረው ተረቱ ካለቀበት ነው፤
ከሰባት መቶ ዲግሪ ቁልቁል፣ ሃያ እስኪደርስ፣
ይህ የወፍጮ ማርሽ በየእርከኑ
ስንት ይጠባል? ምን ያህል ይጠቀጠቃል?
ሙቀት በጥርሱ ሲያልፍ ይሮጣል ወይስ ያነክሳል?
ቢጎትቱት መቼ ይለጠጣል፣ መቼ እምቢ ይላል?

ሶፍትዌሩ አዋቂ ነው፤ ግን የዋህ ነው።
ካልነገሩት በቀር ለሁሉም ጊዜ ያለ ይመስለዋል፤
እያንዳንዷ የካርቦን ቅንጣት፣
ሺህ ዓመት እንደተሰጣት፣
በየዲግሪው ቤቷን ለውጣ፣ ዕቃዋን ሸክፋ፣
በመጨረሻ የሚገባትን አግኝታ፣ አርፋ
እንደተቀመጠች አድርጎ ያሰላል።
ሃያ ዲግሪ ላይ ሙሉ እርቅ፤
መንገድ ላይ የቀረ የለም።
ስክሪን ላይ ያምራል።

ከምድጃ ወጥቶ የአቃቂ ንፋስ የመታው ብረት ግን
እንዲህ አላደረገም።
ከላቦራቶሪ የመጡት ነጥቦች ወዲያ፣ የኔ መስመር ወዲህ፣
በወሰን እንደተጣሉ ጎረቤቶች ተኮራርፈዋል።
የምድጃው ቴርሞሜትር ደግሞ ከሞተ ሦስት ወሩ፤
መለዋወጫው «ጉምሩክ ነው» ይባላል።

ጋሽ ቱፋ በሩን በክርናቸው ገፍተው ገቡ።
«ምነው ትርሲት፣ እንደ እርጥብ ከሰል ጨስሽ?»
«ይሄ ብረት ውስጡ መለዋወጡን የት ላይ እንዳቆመ ጠፋኝ።»
«እሱማ በሩን ስከፍትለት ነዋ! ንፋሱ ሲያገኘው ክው ይላል።
ክው ያለ ነገር ካለበት ንቅንቅ አይልም።»
«ስንት ዲግሪ ላይ?»
«ዲግሪውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው
ስምንት ሰዓት አስተኝቼው፣ ቀለሙ
የደረቀ ዛላ በርበሬ ሲሆን ነው።»

በርበሬውን ወደ ዲግሪ መነዘርኩት።
ስድስት መቶ ሰማንያ።
«ሚዛኑን እዚህ ላይ እሰር» ብዬ ጻፍኩ፤
ፌራይቱም በያዘው ይጽና፣ ካርባይዱም በያዘው፣
ድርሻ መቀያየር ይብቃ፤ ከዚህ በታች
መጥበብ እንጂ መለወጥ የለም።

መስመሩ ተነሳ፣ ሄዶ ነጥቦቹ ላይ ተኛ።
ከአንዷ በቀር። መቶ ሃያ ላይ ያለችው አልመጣችም፤
አላባበልኳትም።

ጋሽ ቱፋ አጎንብሰው አዩና
«ታስሮም ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አሉ።
ይንቀሳቀሳል። በየዲግሪው ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣
ሲመቱት ድምፁ ይቀጥናል፤
ምጥኑ ብቻ ያው ነው፣ ከምኑ ስንት እጅ እንዳለበት።
«እህ» አሉ።
ብዙ ነገር የሚገባበት «እህ» ነበር።

ይህ ወንበሬ ያለበት የሳቸው የሽምብራ ማሳ ነበር።
ችካሉ የተተከለ ዕለት በሩ ተከፈተ፣ ንፋስ ገባ።
ከዚያ ወዲህ ባጅ አንጠልጥለዋል፣ ሄልሜት ደፍተዋል፣
የጡረታ ቁጥራቸውን በቃላቸው ይዘዋል፣
ትከሻቸው ጠቧል፣ ድምፃቸው ቀጥኗል፤
ስንት እጅ ጥቁር አፈር፣ ስንት እጅ ዝናብ መጠበቅ
እንዳለባቸው ግን፣ ነሐሴ ሲጋመስ
ደመና ሊያዩ ምድጃውን ትተው ሲወጡ ያስታውቃል።

ስሌቱን ሳስቀምጥ ከውጭ ድምፃቸውን ሰማሁ፤
«ኪሩቤል! ማርሹን ሽምብራው ጋ አውርደው!»
ኪሩቤል ኮንዶሚኒየም የተወለደ ልጅ ነው፤
ሽምብራን በፌስታል እንጂ በማሳ አያውቃትም።
የት ነው ብሎ አልጠየቀም።
ጋሪውን ገፋ፣
ቀጥ ብሎ ሄዶ
መጋዘኑ በር ላይ አወረደው።