አይጠየፍ

በደሴ ከተማ አይጠየፍ የሚባል
አዳራሽ አለልን፤ ድሮ ግብር ሲጣል
ደሃውም ጌታውም ሳይለይ ይጎርሳል።
እኔ ግን በደጁ አሥራ አንድ ዓመት ሳልፍ
የገዛ ሆዴን ነው የኖርኩት ስጠየፍ።

ሥራዬ ትኬት ነው፣ መናኸሪያ ውስጥ፤
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መስኮት ሥር ስቀመጥ
ጦሳ ገና በጉም ተሸፋፍኖ ተኝቷል፣
ብርዱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባል።
ወንዶቹ አጥር አላቸው፤ ጎማ ሥር ይቆማሉ።
ለእኔ ያለችኝ አንድ በር፣ መቀርቀሪያ የሌላት፣
ሰልፏም የወንድ ነው፣ ውሃም የላት።
«ቆይ» እለዋለሁ ሆዴን፤ «ወልዲያ ትሙላ»፤
«ቆይ እስኪ፣ ባቲም ትነሣ፤ ይሁን ከዚያ በኋላ»።
ታዛዥ ነው፣ ቆየልኝ።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ መምጫውን ረሳው።

«ሆድ ይፍጀው» ይላል ሰው።
የኔ ሆድ መች ይፈጃል? ያስቀምጣል እንጂ፤
እንደ ንብረት ክፍል ሹም፣ ያለ ፊርማ አይለቅም።

ያልሞከርኩት የለም። ተልባ ዘፍዝፌ፣
ሰናመኪ አፍልቼ፣ ሌሊቱን ተቃቅፌ፣
ፓፓያ ከሐርቡ በሚኒባስ አስጭኜ፣
ኮሶም ጠጥቻለሁ፣ ትል እንኳ ሳይኖረኝ።
ፋርማሲው ሽሮፕ ሰጠ፣ ከማር የወፈረ፤
በታች የሚከተት እንክብል ጨመረ፤
ቀጥሎ በጎማ ቱቦ የሳሙና ውሃ፤
ከዚያም ምክር፦ ጎመን፣ የእግር ጉዞ፣ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ።
ተራመድኩ። ጦሳን በእግሬ ወጣሁት እስከ ጫፉ።
ጦሳም አልተነቃነቀ፣ ሆዴም።
በዘጠነኛው ቀን አከራዬ እትዬ ዘሙ
ዓይኗን ሆዴ ላይ ጥላ «መቼ ነው?» አለችኝ፣ በፈገግታ።
ዘጠኝ ወር አይደለም፣ ዘጠኝ ቀን ነው፤
ይሄ እንዴት ይነገራል?

ሲስተር ጦይባ ናት የጠየቀችኝ፣
ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ የወገብ ሕመምተኛ በሚታሽበት ጠባብ ክፍል።
ጓንቷን አጥልቃ፣ በጎኔ አስተኝታ፣
ውሃ የሞላች ፊኛ፣ ሎሚ የምታህል፣ አስገብታ፣
«ግፊያት» አለችኝ። ገፋሁ። ላቤ ወረደ።
«አየሽ» አለች፣ «ስትገፊ ትዘጊያለሽ።
ሽሮፑ መንገድ ይጠርጋል፤ በሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ።
ስንት ዓመት ሆነሽ ‹ቆይ› ካልሽው?»

ያኔ ሆዴ ባባ።
(ለማን ይነገራል ይሄስ፣ ድርቀት የያዘው ሆድ መባባቱ።)

ስድስት ሳምንት ተማርኩ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፤
እግሬ በርጩማ ላይ፣ ጉልበቴ ከወገቤ ከፍ፣
ትንፋሼ ወደ ታች፣ ጥርስ ሳይነከስ።
«አትታገዪው፤ ልቀቂው» ትለኛለች፣ እጇ ሆዴ ላይ አርፎ፣
ፊቷ ሳይጠቁር፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ፣ ሳትጠየፍ።
አንዳንዱ ቀን ይሆናል። አንዳንዱ ቀን አይሆንም።
ሽሮፑም ገና ከመደርደሪያው አልወረደም።

ዛሬ ማለዳ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ፣
ወልዲያ ልትሞላ ሦስት ሰው ሲቀራት፣
መጣ።
ሳልጠራው መጣ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ፣ ቀስ ብሎ አንኳኳ።
መስኮቱን ዘጋሁት፤ በርጩማዬን ብብቴ ሥር ይዤ ተነሣሁ።
ረዳቱ ጮኸ፦ «እህት! ሦስት ትኬት ብቻ! ልንነሣ ነው እኮ!»
«ቆይ» አልኩት፣
«ወልዲያ ትቆይ።»