ከዜሮ በታች አርባ

ቢምረው መጣ ከፒያሳ፣ ጥቁር ጭስ እየጎተተ፤
መኪናው ገና ሳይቆም ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ።
ለፋሲካ ኖራ የቀባሁት ግድግዳ አመድ መሰለ፤
እሱም ወርዶ በሩን ወርውሮ ዘጋና እንዲህ አለ፦

«ትጓደድ፣ በቃኝ! ሰባት ወር ሙሉ ቀለብኳት፤
ካንዴላ ገዛሁ፣ ፊልትሮ፤ ነዳጅ እንደ ውሃ አጠጣኋት።
ጠዋት እሺ ትላለች፤ ቀትር ላይ፣ ከጋለች ወዲያ፣
ካጠፋኋት እምቢ ነው፤ አስገፋችኝ እስከ ገበያ።
ቀበሌ አስራ ስምንት ያለው «ሞተሩ ይውረድ» አለኝ፤
ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ ጉልበቴን ብርድ ብርድ አለኝ።»

ሞተር ማውረድ ቀላል ነው፤ ጆሮ መስጠት ነው የሚከብድ፤
ሳይጠይቅ የሚፈታ ሰው መፍቻ ይዞ ነው የሚያብድ።
ራዲያተሩን ዳሰስኩት፦ ሞቋል፣ እንደ ጤነኛ ሰው ግንባር፤
ውሃው ሙሉ፣ ቱቦው ደህና፤ ጠብታ የለም ከዳር እስከ ዳር።
ፋኑ ብቻ ያለ ፋታ ይዞራል፣ ይጮኻል፤
ማን እንደጠራው ሳያውቅ የሚሮጥ ሰው ይመስላል።

ስካነሩን ሰካሁ። አየሁ። ዓይኔን ጠራርጌ ደገምኩ፤
ከዜሮ በታች አርባ ይላል፤ ሳቄን ዋጥኩና ተገረምኩ።
አርባ! በሚያዝያ ቀትር፣ በአዘዞ ቆርቆሮ ስር፣
ውሻዬ ምላሷን አውጥታ የጎማ ጥላ ስትቆፍር!
ዳሽን አናት ላይ ያደረ ይህን ብርድ አላየም፤
ሰባት ወር ሙሉ ግን ከዚች ሞተር አልተለየም።

«በርዷል» ቢባል ኮምፒውተሩ አመነ፤ ምን ያድርግ?
እጅ የለው፣ ግንባር አይዳስስ፤ ቤንዚን ይሰጣል ሳይነፍግ።
እሷም ጠግባ ታስላለች፤ ጥላሸት ትተፋለች፤
የቢምረውን የቤት ኪራይ በጭስ ማውጫው ትሸኛለች።

«ሴንሰሩ ነው የዋሸው!» አለ። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤
ተከሳሽ ሳይጠየቅ በፊት ማንንም አልሰቀልኩም።
እስክትበርድ ጠብቄ ፈታሁት፤ ከአውራ ጣቴ ያንሳል፤ አፍንጫው ነሐስ ነው፤
በሻይ ድስት ውሃ ጥጄ፣ በሽቦ አንጠልጥዬ፣ ቴስተሩን ይዤ ሳየው፦
ቀዝቃዛው ውስጥ ሁለት ሺህ ኦም፤ እምቢታው እንደ ድንጋይ፤
ሲሞቅ ስምንት መቶ፣ ሲፈላ ሁለት መቶ፤ ይለሰልሳል ሲታይ።
ብርድ ያከረረውን ሙቀት ያላላዋል፤ ተፈጥሮው ይህ ነው።
እንግዲህ እሱ አልዋሸም። ታዲያ ማን ነው የዋሸው?

መልእክተኛው ጤነኛ ከሆነ መንገዱን ልየው ብዬ ተከተልኩ፤
ከሶኬቱ ጀምሬ ሽቦውን በጣቶቼ መሃል አሳለፍኩ።
ከባትሪው ጎን፣ ከብረቱ ስር፣ አንድ ጥቁር እብጠት አለ፤
ናስትሮ ነው፣ የተጠቀለለ፣ በዘይት የበሰለ።
ቀደድኩት። ሽቦው ተበልቶ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤
ሁለቱ ጫፍ ተለያይቶ፣ ናስትሮው ብቻ አቅፎት ኖሯል።

ናስትሮውን አወቅኩት።

ጫፉን ሦስቴ አዙሮ በጥፍር የሚቆነጥረው
በጎንደር አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ያ እጅ የኔ ነው።
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የጥምቀት ዋዜማ፣ ግቢው ሞልቶ፣
እንግዳ የሚያመላልስ ሁሉ «ቶሎ በይ» እያለ መጥቶ፣
«ለጊዜው» ብዬ ጠምዝዤ፣ በካውያ ሳልበይደው፣
«ነገ ና» ብዬው ነበር፤ ነገም እኔም ረሳነው።

ቢምረው አንገቱን አስግጎ፣ «ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?
ያን እጅ ባገኘው!» አለ። ድስቱ ይፈላል፤ የሚያጠፋውም የለው።
ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ናስትሮውን ኪሴ ከትቼ፤
«አይጥ ናት» ማለት ይቻል ነበር፤ አይጥ ተሟግታ ታውቃለች መቼ?

እጄን ዘርግቼ «ይኸው፣ አገኘኸው» አልኩት።
እጄን አየ። ናስትሮውን አየ። ሰባት ወር ሲቆጥር አየሁት።

በየድኩት። አዲስ ሶኬት፣ ላስቲክ ቱቦም አለበስኩት፤
ስንት ነው አላለኝም፤ ስንት እንደሆነም አልነገርኩት።
አስነሳት። ስካነሩ ላይ ቁጥሩ ብርዱን ጣለ፦
ሠላሳ ስድስት... አርባ ዘጠኝ... ስልሳ... እያለ፣ እያለ፤
ሰባ ላይ ጭሱ ሳሳ፤ ሰማንያ ላይ ጠፋ፣ አየሩ ጠራ፤
ዘጠና ሦስት ላይ ፋኑ ዞረ፣ በወጉ ተጠርቶ፣ በተራ።

ቢምረው «የሰባት ወሩ ነዳጅ...» ብሎ ጀመረ፤
አልጨረሰውም። በሩን ዘጋ። በዳገቱ ወደ ፒያሳ በረረ።

ጥላሸቱ ግድግዳዬ ላይ አለ።
አላጠብኩትም።