አሥራ ሰባተኛው

ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣
ሁለት ክንድ ከስንዝር ናት ሱቄ ስትሰፈር።
በላይ ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ይርዳል፣
የድሮ ተጫዋች ከነኳሱ ይወርዳል፤
አነሣዋለሁኝ፣ በእጅጌዬ ጠርጌ
ጥጉን አያለሁኝ ወደ ብርሃን አድርጌ።
ጥጉ የታጠፈ ግማሽ ዋጋ ያጣል፣
ውሃ ያገኘውስ ለማን ይሸጣል?
ማስቲካው ያን ጊዜ ታኝኮ ተተፋ፣
ሥዕሉ ግን ይኸው፣ ከነቁጥሩ፣ አልጠፋ።

ሠላሳ ስድስት ነው ሙሉው ሲደረደር፣
በእኔ ጣሳ ግን ሠላሳ አምስት ነበር።
አሥራ ሰባት የለም። በረኛው ወልደየስ፣
ጥቁር ሹራብ ለብሶ ወደ ግራ ሲፈስ፣
ኳሷ ከጣቱ ጫፍ አንድ ጋት ስትርቅ፣
ያዛት ወይ አመለጠች፣ ማንም የማያውቅ።
ልጅ ሆኜ አንድ ቀን፣ በሰው እጅ፣ አይቼዋለሁ።
ከዚያ ወዲህ ጥርስ ያጣ አፍ ይዤ ኖሬያለሁ።

ሐምሌ ግም ባለ ቁጥር ጣራዬ ያነባል፣
ርጥበት እንደ ሌባ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል።
ስለዚህ እያንዳንዱን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በካኪ ፖስታ፣
ፖስታውን በብስኩት ጣሳ፣ ከጎኑ የሩዝ ቋጠሮ፣
ውሃውን እንዲጠጣ በዝምታ።
ሚስቴ ይህን ባየች ቁጥር ትላለች፦
«ሩዙን ለበረኛ፣ ሽሮውን ለእኛ!»
በረኛው እንደሌለ እሷም ታውቃለች።

ማክሰኞ ከሰዓት አንዲት ልጅ መጣች፣
የዱቄት ወተት ጣሳ ከፌስታል አወጣች።
«የአባቴ ነው» አለች። «ቤቱ ሊፈርስ ነውና ዕቃ ስንሰበስብ
ከአልጋው ሥር ተገኘ።
ቆራሌው ለጣሳው ሃያ ብር ብሎኛል፣
ወረቀቱን ግን ጣዪው ይለኛል።»

ከፈትኩት። የማስቲካ ሽታ
እንደ ተረሳ ስም መጣ በዝግታ።
ሦስት። ዘጠኝ። ዘጠኝ። ደግሞ ሌላ ዘጠኝ።
ሃያ አንድ፣ ፂም በእስክሪብቶ የተሣለበት።
ሠላሳ፣ ለሁለት የተቀደደ፣ በፕላስተር የተጣበቀ።
ከዚያ
አሥራ ሰባት፣
አሁንም ወደ ግራ እየወደቀ።

ነጋዴ ፊት የለውም። አዛጋሁ።
ካርዱን ከዘጠኞቹ መሀል ሸጎጥኩና ጣሳውን ነቀነቅኩ።
«ለሁሉም ስድስት መቶ» አልኩ፣ ድምፄ ሳይሰበር፤
ለእሱ ብቻ ስድስት ሺህ እሰጥ ነበር።
«ይሁን» አለች። ወዲያው።
ሰባት መቶ ብትለኝ፣ ትንሽ ብትሰድበኝ፣
ሌብነቱ ንግድ ይመስለኝ ነበር።

ብሩን ስትቆጥር ገለበጥኩት ካርዱን።
በእርሳስ፣ መስመር በሚስት የልጅ እጅ፣
እየጫነ የጻፈው፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ፦
«አይሸጥም። አይለወጥም። በልሁ፣ ፬ኛ ለ።»

አሳየኋት። ለምን እንዳሳየኋት
ሚስቴም ጠይቃኛለች፣ አልመለስኩላትም።
ልጅቷ አነበበች፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣
ቀጥሎ ያው እጅ ዓይኗ ላይ ወጣ።
«ለማን ነው የጻፈው?» አለች። «ለእኔ ነው ለእርስዎ?»

የሚያወጣውን ዋጋ ነገርኳት፣ እውነተኛውን፣
ስድስቱን ሺህ፣ ከነዜሮዎቹ።
ለአፍታ አሰበች፤ የቤት ዕቃ መጫኛ ገንዘብ ነው።
ከዚያ ስድስት መቶውን ባንኮኒው ላይ መለሰች፣
«የቀረውን ይውሰዱት» አለችና
የስልኳን ላስቲክ ልባስ ፈልቅቃ፣
በረኛውን ከስልኩ ጀርባ
ገፋ አድርጋ ከተተችው።

«ጥጉ!» ብዬ ጮህኩ። «ጥጉ ይታጠፋል!»
ባቡሩ በላያችን እያለፈ ነበር።
እሷ ወደ ለገሃር ታጠፈች፣
ወልደየስ በኋላ ኪሷ፣ በጎኑ ተኝቶ።

እንግዲህ ሠላሳ አምስት ነኝ።
ሦስት ዘጠኝ ተርፎኛል፣
የሚፈልግ ካለ።