ሆድና ጀርባ

ሰባት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየነቃሁ፣
ከእምብርቴ በላይ ፍሙን እየሞቅሁ፣
«ጨጓራዬን የላጠው ተማም ነው» እያልኩኝ፣
የወንድሜን ስም ነው ከወተት ጋር የዋጥኩኝ።

ነገሩ ትንሽ ነው፤ ሄርማታ ያለች ሱቅ፣
የአባታችን መሮ፣ ቀጠሮው የማያልቅ፤
ጅማ ፍርድ ቤት ደጅ ሆድና ጀርባ ሆነን፣
አንድ ባጃጅ ላለመጋራት በእግር ተመለስን።

ዙበይዳ በርበሬን ከጓዳዋ አስወጣች፣
ተልባ በጥብጣ በማለዳ አጠጣች፤
ድንች ቀቀለችልኝ፣ እንደ ሕፃን፣ ያለ ጨው፤
ሳህኑን ገፋሁት፤ የማፍርበት ይኸው።

ሠገራዬ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዕለት
በግድ ጎትታ ወሰደችኝ ሐኪም ቤት።
በትንሽ ብልቃጥ ናሙና ስጥ ተባልኩ፤
ዋንዛ ስጠርብ ኖሬ በብልቃጥ ተንቀጠቀጥኩ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ፣ ቀና ብላ፣
«ባክቴሪያ ነው» አለች፣ «የምን ንዴት ሌላ?
የጨጓራህን ግድግዳ ያቆሰለው እሱ፤
በርበሬው ቁስል ላይ ነው መነስነሱ።»

ገባኝ፤ አናጢ ነኝ፤ ላዩን ያማረ ግንድ
ውስጡን ነቀዝ ፈጅቶት አይቻለሁ ሲናድ።
በመዶሻ ሲነኩት ድምፁ ይናገራል፤
ቫርኒሽ አያድነውም፣ ቫርኒሽ ይሸፍናል።
ወተቴም ቫርኒሽ ነበር።

«ከየት መጣብኝ?» አልኳት። «በእርግጥ ማወቅ ያቅታል፤
ብዙ ጊዜ በልጅነት፣ ከቤት ውስጥ ይይዛል፤
ካንድ ጣሳ ሲጠጣ፣ ካንድ ሳህን ሲበላ…»
እሷ ትናገራለች፤ እኔ ሄድኩ ወደ ኋላ።

አዌቱ ዳር ነበርን፣ ውሃው ደፈራርሶ፤
ተማም ጣሳውን ሰጠኝ ግማሹን ቀንሶ።
እሱ ጀምሮት ነው? ወይስ እኔ ጀምሬ
እሱ ጨርሶት ይሆን? ማን ይለየው ዛሬ?

ዐሥራ አራት ቀን ኪኒን ስውጥ ከረምኩ፤
አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ ምስማር ጎርሼ እንዳደርኩ።
በስድስተኛው ቀን ተሽሎኝ ልተው ስል፣
ዙበይዳ «ነቀዝ በግማሽ መርዝ ይሞታል?» ብትል፣
አፈርኩ። ጨረስኩት።

ተማም ሱቁን ሲዘጋ ደረስኩ ትናንት ማታ፤
አንድ እጁ ቁልፉ ላይ፣ አንዱ እዚያች ቦታ፣
ከእምብርቱ በላይ፣ ጎንበስ ብሎ ቆሞ፤
ሰባት ዓመት የሞረድኩት ስድብ አፌ ላይ ዶልዱሞ፣
«ሌሊት ይነሳብሃል?» አልኩት፣ ቃል ሲጠፋብኝ።
ቁልፉን ሳያዞር ቆየ። «ማን ነገረህ?» አለኝ።