ገጽ መቶ ስልሳ

መለስኩለት ዛሬ ያን ወፍራም መጽሐፉን፣
ገጽ መቶ ስልሳ ላይ እንዳጠፍኩት ጫፉን።

«መጥፎ ነው?» አለኝ ሌዳሞ።
ላስቲክ ላይ የዘረጋቸውን አሮጌ መጻሕፍት
የሐዋሳ ነፋስ ሳይከፍል ያነባል።

«አይደለም፣ ታላቅ ነው። እኔ ነኝ ያልገባሁ፤
በሩ ላይ ቆሜ ነው ቤቱን ያደነቅሁ።»

ጣቱን ቀሰረልኝ ወዳሞራ ገደል፤
«አምባዛ አትበላም። ሚዛን ላይ ሲሰቀል፣
ምላስህ ቢሸሸው ኪሎው አብሮ ይጉደል?»

እውነቱን ነው።
ግና ከትራሴ ሥር
አንዲት ቀጭን ልብ ወለድ አለች፣
ሽፋኗ የወለቀ፣ ፊደል የምትገድፍ፣
ሁለት ሌሊት ሙሉ ያስለቀሰችኝ፤
ሚዛን ላይ ባወጣት ከላባ ትቀላለች።
አልሸጣትም። ስሟን ልነግረው አፈርሁ።

ወፍራሙን በእጁ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገና
«እኔም» አለ ቀስ ብሎ፣ «መቶ አርባ ላይ ቀረሁ።»